በድብቅ የተለኮሰ ሲጋራ በድብቅ አይጠፋም

በወላጆቹ ፊት ሲጋራ የሚያጨስ የማኅበራችን ተማሪ እስካሁን አላጋጠመንም። የሚያጨስ ተማሪ ግን ሞልቷል። በሃፍሳካ ሰዓት ከሕንፃው ጀርባ፣ በፈተና ሰሞን ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ቆሞ የምናየው ልጅ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ ማስቲካ ያኝካል፣ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ይታጠባል፣ ጃኬቱን ገና እንደገባ በረንዳ ላይ ይሰቅላል። እናቱ ሽታው ጠፍቷት አይደለም። ታውቃለች። እሱም ማወቋን ያውቃል። ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ዝምታውንም በእኛ ቤት መከባበር እንለዋለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ከዚህ ዝምታ ጋር ነው። መከባበሩ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ አባቱ ፊት ላይ ጭስ የሚነፋ ልጅ ማኅበረሰባችንን ጤነኛ አያደርገውም። ዝምታው ማጨሱን ብቻ የሚሸፍን ቢሆን ኖሮ እንደ ገመና ሸፍነን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ማቆሙንም አብሮ ይሸፍነዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ያስተማሩን ራሳቸው ወላጆቻችን ናቸው። በዕብራይስጥ ብንጽፈው ለብዙዎቻችን ይቀል ነበር፤ በአማርኛ የጻፍነው አባቶችና እናቶችም እንዲያነቡት ብለን ነው። («ማገርሸት» የሚለውን ቃል ለማግኘት አንዲት እናት ጋ መደወል ግድ ሆኖብናል። ለምን እንደፈለግነው ግን አልነገርናቸውም። አሁን ሲያነቡት ይገባቸዋል።)

ሽማግሌዎቻችን ሲያወሩ እንደምንሰማው፣ በገጠር በነበሩት መንደሮቻቸው ሲጋራ የከተማ ሰው ነገር ነበር። እኛ እዚህ ያደግነው ግን ሲጋራን ያገኘነው ከሰፈር ጓደኛ፣ ብዙዎቻችን ደግሞ በጦር ሠራዊት ውስጥ ነው። ሌሊቱን ጥበቃ ላይ ለሚቆም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲጋራ ሰዓት መቁጠሪያ ነው፣ እንቅልፍ ማባረሪያ ነው፣ ከማያውቀው ልጅ ጋር ወሬ መጀመሪያ ነው። እናም አባትና ልጅ ያንኑ ፓኮ እያዩ የተለያየ ነገር ያያሉ። ለአባት ነውር ነው፤ ለልጅ ልማድ ነው። ሐኪሙ ሱስ ይለዋል። እኛ ከሐኪሙ ጋር ነን፤ ሱስ ሕክምና አለውና።

አንድ ልጅ ለማቆም የወሰነበትን ሳምንት አስቡት። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነገሩ ይበረታበታል። እንቅልፍ ያጣል፣ ይርበዋል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ቤት ውስጥ ታናሽ እህቱ ላይ ይጮሃል። እናቱ «ምን ሆነሃል ልጄ? በትምህርት ቤት የደረሰብህ ነገር አለ?» ትለዋለች። ምን ይመልስ? «ሲጋራ አቁሜ ነው» ካለ ያጨስ እንደነበር ተናገረ ማለት ነው። የሚኮራበትን ነገር ለመንገር የሚያፍርበትን ማስቀደም አለበት። ስለዚህ «ምንም አልሆንኩም፣ ትንሽ ነፋስ ልቀበል» ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ውጭ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን።

ሰው ይህን የፈቃደ ልቡና ድክመት ይለዋል። በሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የምንቀመጥ ሰዎች «ፈቃደ ልቡና» የሚለው ቃል ቶሎ ሲመጣ እንጠራጠራለን፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማንም ሊረዳው ያልፈለገን ሰው ለመውቀስ ነው። ኒኮቲን ጭሱ በተሳበ በ10 እና በ20 ሰከንድ ውስጥ አንጎል ይደርሳል። በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ይቀንሳል፤ ሰውነትም ሌላ ይጠይቃል። «ጭንቀቴን ያበርድልኛል» የምንለው ስሜት አብዛኛው ይህ ነው፤ ያለፈው ሲጋራ ያመጣውን ጥማት የሚቀጥለው ሲጋራ ይቆርጠዋል። አቁመው ጥቂት ሳምንታትን የተሻገሩ ሰዎች ከሚያጨሱበት ጊዜ ይልቅ ጭንቀታቸው ቀንሶ ይገኛል። የፈተናን ጭንቀት በሲጋራ እናስታግሳለን የምንል ሰዎች ይህንን ልናውቀው ይገባል።

ስለ ፈቃድ ካነሳን፣ ከአያቶቻችን ቤት የሚጀምር ነገር አለ። በኢትዮጵያ በነበሩበት ጊዜ በሰንበት በቤታቸው እሳት አይነድም ነበር፤ የሚበሉትም የቀዘቀዘ ምግብ ነበር። ዛሬም ሰንበትን የሚያከብሩ አጫሾች ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ 25 ሰዓት ያህል ሲጋራ አይነኩም። የሚገርመው ሰንበቱን ሙሉ እንደሚሰቃዩ አለመናገራቸው ነው። ጠዋት እምብዛም አይታያቸውም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚቁነጠነጡት። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሬኡቬን ዳርና ባልደረቦቹ ይህንን አጥንተውታል። በ2010 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ የሚያጨሱ የበረራ አስተናጋጆችን በአጭርና በረጅም በረራ ላይ ተከታትለው፣ ጉጉቱ የሚበረታው በረራው ሊያልቅ ሲል መሆኑን አገኙ። አጭሩ በረራ ሲያልቅ የነበረው ጉጉት፣ በረጅሙ በረራ ላይ በዚያው ሰዓት ከነበረው ይበልጥ ነበር። ከመጨረሻው ሲጋራ ወዲህ ያለፈው ጊዜ እኩል ነው፤ የተለየው በሩ የሚከፈትበት ሰዓት መቅረቡ ነው።

ኒኮቲን ሱስ አያስይዝም ልንል አይደለም። ከዚህ የምንወስደው በሩ በእርግጥ የተዘጋ መሆኑን ሰው ሲያውቅ ጉጉቱም እንደሚቀንስ ነው። በሰንበት በሩን የሚዘጋው ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ምኵራቡ በሙሉ ያውቃል። ማንም «አንድ ብቻ ውሰድ» ብሎ ፓኮ አይዘረጋም። በድብቅ የሚያቆም ልጅ ግን በሩን የዘጋው ለብቻው ነው። ማንም ሳያይ ከፍቶ መልሶ ሊዘጋው ይችላል፤ ጓደኛውም ባለማወቅ በየሃፍሳካው ሲጋራ ይዘረጋለታል።

ሃፍሳካን ካነሳን አይቀር፣ ከሲጋራው ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በክፍሉ ውስጥ ከማኅበረሰባችን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሆኖ የሚቀመጥ ተማሪ፣ በተለይ ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ልጅ ከሆነ፣ ውጭ ብቻውን መቆም ይከብደዋል። ሲጋራ የያዘ ሰው ግን ለምን እንደቆመ ማንም አይጠይቀውም። «እሳት አለህ?» ብሎ የሚጠጋ አይጠፋም። የመምህሩን ጠባይ፣ የሚልጋውን ማመልከቻ፣ የትኛው ሴሚናር ቀላል እንደሆነ የሚሰማው እዚያ ነው። እና ሲጋራውን ተው ስንለው ይህንንም ወሬና ይህንንም ወዳጅ ተው ማለታችን ነው። በምትኩ ምን ሰጠነው? በጤና ጥበቃ ማስታወቂያዎች ላይ የጠቆረ ሳንባ እናያለን፤ ይህን ጥያቄ የሚመልስ ግን አላየንም።

የእኛ መልስ እግር ነው። ስፖርት ለምን ከሲጋራ ጋር አብሮ እንደሚነሳ ግልጽ ለማድረግ አንድ ስሌት እንሥራ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ በቂ ነው። 150 ደቂቃ ማለት አሥራ አምስት ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ ደግሞ አንድ ሃፍሳካ ነው። በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው በሳምንት ከአሥራ አምስት ጊዜ እጅግ አብልጦ ደጅ ይወጣል። ጊዜ የለኝም የሚለው ምክንያት ለእርሱ አይሆንም፤ ጊዜውን አስቀድሞ አግኝቶታል፣ እየተራመደ አያሳልፈውም እንጂ። ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ለአሥር ደቂቃም ቢሆን፣ የሲጋራን ጉጉት በዚያው ሰዓትና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ጊዜ እንደሚያበርድ በጥናት ታይቷል። የጉጉቱ ማዕበል ራሱ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ፣ ሰውየው ካምፓሱን ዞሮ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ አልፏል።

እዚህ ላይ ማጋነን አንፈልግም። ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው የመረመሩ ሰዎች ስፖርት ብቻውን ሰውን ለረጅም ጊዜ ከሲጋራ እንደሚያስጥል የሚያረጋግጥ ነገር አላገኙም። «ሩጫ ጀምር፣ ሲጋራው በራሱ ይተውሃል» የሚል ጓደኛ ልቡ ደግ ነው፣ ምክሩ ግን ጎዶሎ ነው። እግር የሚይዘው የሃፍሳካውን ቦታ ነው። ለኒኮቲኑ ሕክምና አለው፤ እንመጣበታለን።

ከዚያ በፊት አንድ ደስ የሚል ውሸት እንንቀል። «እናንተ እኮ ሩጫ በደማችሁ ነው» ሲሉን እንስቃለን፣ ትንሽም እንኮራለን። ማሩ ተፈሪ በ2022 በሙኒክ የአውሮፓ ሻምፒዮና በማራቶን ብር ሲያገኝ፣ ጋሻው አያሌ ነሐስ ሲከተል፣ የወንዶቹ ቡድን ወርቅ ሲወስድ፣ ማሩ በ2023 ደግሞ በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ብር ሲደግም እኛም ቴሌቪዥን ፊት ጮኸናል። ግን የእነርሱ ሜዳሊያ ወደ እኛ ሳንባ አይገባም። በሙሴ ዘመቻ በ1984 እና 85፣ በሰለሞን ዘመቻም በ1991 የመጡ ወላጆቻችን እዚህ ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። ዛሬ በማኅበረሰባችን ከሌላው የአገሩ ሕዝብ ይበልጥ ይታያል፤ በወጣትነት ይጀምራል፣ ቀጭን ሰዎችንም ይይዛል። ይህን የመጨረሻውን ደግመን እንበለው። በሌላው ዘንድ ወፍራም ሰው ላይ የሚጠበቀው በሽታ በእኛ ዘንድ ሱሪው የሚሰፋው ሰው ላይ ይመጣል። «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስፖርት ምን ያደርግልኛል» የሚል ልጅ የመስታወቱን ወሬ እያመነ ነው። ሲጋራ ደግሞ ለስኳር በሽታ የመጋለጥን ዕድል ከማያጨስ ሰው ከ30 እስከ 40 በመቶ ይጨምራል።

ወላጆቻችን ስፖርት የሚባል ነገር ሳያውቁ ሲንቀሳቀሱ የኖሩ ናቸው። ውሃ ሩቅ ነበር፣ ገበያ ሩቅ ነበር፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በእግራቸው ሱዳን ድረስ ሄደዋል። እዚህ መጥተው አውቶቡስ፣ ነጭ ዳቦ፣ ጣፋጭ መጠጥና ሌሊት የሚያስቆም የፅዳትና የጥበቃ ሥራ ጠበቃቸው። ቆሞ መዋል መራመድ አይደለም። ሐኪም «በቀን ግማሽ ሰዓት ተራመድ» ያለው አባት፣ ዕድሜ ልኩን ሲራመድ የኖረ ሰው፣ እንደ ሕፃን መራመድን መታዘዙ ቢያስቀይመው አይፈረድበትም።

ወደ ስፖርት መመለስ ለሚፈልጉ አጫሾች የምንለው ትንሽ ነው። ብዙዎቻችን ለመጨረሻ ጊዜ በቁም ነገር የሮጥነው ለባር ኦር ፈተና ሲሆን፣ 2,000 ሜትሩን ዛሬም በዚያው ሰዓት ልንጨርስ እንሞክራለን። አምስት መቶ ሜትር ላይ ደረት ይቃጠላል፣ ሳል ይመጣል፣ ሰውየው ሳር ላይ ተቀምጦ «ለእኔ አልቋል» ይላል። አላለቀም። ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ከደም ጋር ይጣበቃል፤ የሚያጨስ ሰው ሲሮጥ ደሙ በከፊል በሌላ ጭነት ተይዟል። ካቆመ ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ግን ይህ ጭነት ይራገፋል። በሁለት ሳምንትና በሦስት ወር መካከል የደም ዝውውሩና የሳንባው ሥራ ይሻሻላል። ሳሉ መጀመሪያ ላይ ሊብስ ይችላል፣ ምክንያቱም የአየር መተላለፊያውን የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮች እንደገና ሥራ ጀምረዋል። እንግዲህ በመጀመሪያው ወር መራመድ፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ መራመድ። እየሮጡ ማውራት ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ደረቱን አጥብቆ የሚያመው ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

ለእህቶቻችን አንድ ነገር እንጨምር። የሚያጨስ ወንድ ልጅ «ወጣትነት ነው» ይባልለታል፤ የምታጨስ ሴት ልጅ ግን ስሟ ይነሳል። ስለዚህ ከወንዱ ይልቅ ትደብቃለች፣ ስታቆምም ይበልጥ ብቻዋን ናት። ብዙዎቹ የሚፈሩት መወፈርን ነው። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም፤ ሰዎች ካቆሙ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራሉ። ከሲጋራው ጉዳት ጋር ሲመዘን ይህ ቀላል ነው፤ ቀላል ነው ብሎ ማለፍ ግን ለሚያስጨንቃት ልጅ መልስ አይሆንም። መራመዱና ጡንቻ ማጠንከሩ ከመጀመሪያው ቀን ቢጀመሩ ይረዳሉ። በየሰፈሩ መናፈሻ የተተከሉት የስፖርት መሣሪያዎች በነጻ ናቸው፣ እናቶችም ማታ ማታ እዚያ አካባቢ ሲራመዱ እናያቸዋለን። አብሮ መሄድ መንገዱንም ያሳምናል፣ ሐሜቱንም ይቀንሳል።

ስለ ቡናም ይነገር፤ ይህን ማንም ለእኛ ሰው ነግሮት አያውቅም። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ነገሮች ጉበት ካፌይንን ከደም የሚያወጣበትን ፍጥነት ይጨምራሉ። የሚያጨስ ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ በሰላም ይተኛል። ማጨስ ባቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉበቱ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ያው ሦስት ሲኒ በደሙ ውስጥ የሚያስቀረው ካፌይን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊቱን ጣሪያ ሲያይ ያድራል። እሱ ግን ይህ ሁሉ ከሲጋራ ማጣት የመጣ ይመስለውና ተመልሶ ይለኩሳል። እናቶች፣ ልጃችሁ በዚያ ሰሞን አቦል ጠጥቶ ቢነሳ ቡናችሁን የናቀ አይምሰላችሁ። ሁለተኛውን ሲኒ አትጨምሩለት።

ስለ ናርጊላ ብዙ አንልም። «ሲጋራ ትቻለሁ፣ ዓርብ ማታ ናርጊላ ብቻ» የሚል ሰው፣ በአንድ ሰዓት ናርጊላ የሚስበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ጭስ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ይወቅ። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጥበውም።

አሁን ወደ ሕክምናው። ከ2010 ጀምሮ ማጨስ ለማቆም የሚረዱ የቡድን ስብሰባዎችና ከእነርሱ ጋር የሚሰጡ መድኃኒቶች በጤና ቅርጫቱ ውስጥ አሉ። አራቱም ኩፓት ሆሊም፣ ክላሊት፣ ማካቢ፣ መኡሔዴት፣ ለኡሚት፣ ያካሂዷቸዋል፤ በስልክ መከታተልም ይቻላል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የማጨስ ማቆሚያ መስመር ኮከብ 6800 ነው። የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ አለ፤ በሐኪም ማዘዣ የሚሰጡ እንክብሎችም አሉ። ፕላስተር መለጠፍ ሱስን በሱስ መለወጥ ነው የሚሉ አሉ። እኛ እንዲህ አናየውም፤ ሰውን የሚገድለው በዋናነት ጭሱ ነው፣ ፕላስተሩ ደግሞ መጠኑ በየጊዜው እየቀነሰ ያልቃል።

ይህ ሁሉ እያለ የእኛ ልጆች ለምን አይሄዱም? ስንጠይቅ የምንሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «የክሊኒኩ ጸሐፊ የእናቴ ጎረቤት ናት።» «ሐኪሙ አባቴንም ያክማል።» የታካሚ መብት ሕግ ከ1996 ጀምሮ የታካሚን ምስጢር ይጠብቃል፤ ጸሐፊዋም ሐኪሙም ለእናት የመንገር መብት የላቸውም። ይህን ማወቅ ለመጀመሪያው ቀጠሮ ይበቃል። ለሁለተኛው ሳምንት፣ ለዚያ ቤት ውስጥ ለሚጮህበት ሳምንት ግን አይበቃም።

ከጥቅምት 2023 ወዲህ ሚሉኢም ተጠርተው የተመለሱ ጓደኞቻችን መካከል፣ ከዓመት በላይ ትተው የነበሩ እንደገና የጀመሩ አሉ። እነዚህን ሰዎች «አገረሸብህ እንዴ» ብሎ መቀበል ጭካኔ ነው። በትምህርታችን በየጊዜው የሚጠቀሰው የፕሮቻስካና የዲክሌመንቴ ሞዴል በ1983 የታተመው ያለ ሐኪም በራሳቸው ሲጋራ ለማቆም የሚታገሉ ሰዎችን በማጥናት ነው። ሰዎቹ በደረጃዎቹ መካከል ደጋግመው ሲመላለሱ ታይተዋል። ማገርሸት የጉዞው አንድ ክፍል እንጂ የጉዞው መጨረሻ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውን እንለውጠው፤ «ባለፈው ስንት ቀን ቆየህ? በምን ቆየህ?» እንበል። አርባ ቀን የቆየ ሰው አርባ ቀን እንዴት እንደሚኖር ያውቃል።

ዕድሜያችንም ይረዳናል። በእንግሊዝ ሐኪሞችን ከ1951 ጀምሮ ለሃምሳ ዓመት የተከታተለውና ውጤቱ በ2004 የታተመው ጥናት፣ ዕድሜ ልካቸውን የሚያጨሱ ሰዎች ከማያጨሱት በአማካይ ወደ 10 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። በ30 ዓመታቸው ያቆሙት ግን እነዚያን አሥር ዓመታት ከሞላ ጎደል መልሰው አግኝተዋል። በ50 ያቆሙት ያገኙት 6 ያህል ነው። እኛ ሃያዎቹ ውስጥ ነን። ለአባቶችም ቢሆን የተረፈ አለ፤ በ60 ያቆሙት እንኳ 3 ዓመት ገደማ አትርፈዋል።

ከወላጆች የምንጠይቀው ከባድ ነው፣ እናውቃለን። ልጃችሁ መጥቶ «ሲጋራ ላቆም ነው» ካላችሁ፣ በአፋችሁ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታጨሰው?» ነው። እባካችሁ ያንን ዋጡት። ሌላ ቀን ይደርሳል። ለዚያ ቀን «እስከ መቼ ነው የሚከብድህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ነው ይላችኋል። ታናናሾቹን ትንሽ ታገሡት በሏቸው። ለጎረቤት አትንገሩ፣ ለእርሱ ግን እንደምታውቁ አትደብቁት።

ከማኅበራችንም የምንጠይቀው አለ። በስብሰባዎቻችን መካከል ያለው ሃፍሳካ የእግር ጉዞ ይሁን፤ የሚያጨሱትም የማያጨሱትም አብረው ይዙሩ። ማቆም የሚፈልጉ ሁለት ሦስት ተማሪዎች አንድ ላይ ወደ ኩፓው ስብሰባ ቢመዘገቡ፣ የማኅበሩ አንድ አስተባባሪ በየሳምንቱ ይደውልላቸው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

በብዙ ቤቶቻችን ደግሞ አንድ ዓይነት ትእዛዝ የተሰጣቸው ሁለት ሰዎች አሉ። አባት በስኳሩ ምክንያት ተራመድ ተብሏል። ልጅ ሲጋራውን እንዲረሳ መራመድ አለበት። ሁለቱም አይራመዱም፣ አንዱም የሌላውን አያውቅም። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ዓይን ለዓይን መተያየት የለባቸውም፤ በእኛ ባህል ልጅ ለአባቱ ከባድ ነገር መናገር የሚቀለው እንዲህ ሲሆን ነው። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ፣ አጫሹ ልጅ ላይተሩን በሚፈልግባት በዚያች ሰዓት፣ «አባዬ፣ ትንሽ እንራመድ» ማለት ይችላል። አባትየው ለመራመድ የሚሆን ጫማ ላይኖረው ይችላል። አንድ ፓኮ ዛሬ ከ30 ሸቀል በላይ ነው፤ በቀን አንድ ፓኮ ለሚያጨስ በወር ከ900 ሸቀል በላይ ይሆናል። ለሁለት ሰው ጥሩ ጫማ ይገዛል፣ ለካልሲም ይተርፋል።